ከእኛ በኋላስ? ለጋሼ የቀረቡ ጥያቄዎች

የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች በምንገናኝበት የወላጆች ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ሞግዚት ጥያቄ የመለሱልን ጋሼ የቀድሞ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። የሠላሳ አራት ዓመት ልጃቸው የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት።

እናት ከጉለሌ፦ ቤቴን ወንድ ልጄ ወርሶ ታማሚ እህቱን እንዲጦር በእድርተኞች ፊት ተናግሬአለሁ። ይበቃል?

ጋሼ፦ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜ ከ500 ብር በላይ ስጦታ አይሸከምም። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው፤ ብሩ ግን ዛሬም 500 ነው። ቤት የሚያወርስ ይጻፍ። አራት ምስክር ይቅረብ፤ በእርስዎና በአራቱም ፊት ይነበብ፤ መነበቡም ራሱ ወረቀቱ ላይ ይስፈር፤ ቀን ይኑረው። አንድ አባት ሦስት ገጽ አሳምረው ጽፈው አራቱም ምስክሮች ፈርመውላቸው ነበር። «ተነቦልናል» የምትለው ቃል ስለጎደለች ልጆቻቸው ስድስት ዓመት ተካሰሱ። ኑዛዜው የተጻፈለት ልጅ በየቀጠሮው ኮሪደሩ ላይ የአባቱን ከዘራ ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ሌላም አለ። ቤቱን ለወንድሟ ጠቅልለው ሰጥተው «ይጦራታል» ማለት ምኞት ነው። ባለቤትነቱን ለእርሱ፣ የአላባ መብቱን ለእርሷ ያድርጉ። ዕድሜዋን ሙሉ ትኖርበታለች፤ ቢከራይም ኪራዩ የእርሷ ነው፤ መብቱ የሚያልቀው እርሷ ስታልፍ ነው። አላባው በይዞታ መዝገቡ ላይ ይመዝገብ፤ አለዚያ ቤቱን የሚገዛ ሰው አላየሁም ይላል።

አባት ከአዳማ፦ ጡረታዬ ለልጄ ይተላለፋል?

ጋሼ፦ የእኔ ሙያ አይደለም። የሐኪም ማስረጃ ይዘው የማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ይሂዱ። በሕይወት እያሉ።

እናት ከአውቶቡስ ተራ፦ የቀበሌ ቤት ነው ያለሁት...

ጋሼ፦ የእርስዎ አይደለምና በኑዛዜ አይተላለፍም። ወረዳውን ይጠይቁ።

እህት ከዱባይ (በስልክ)፦ ወንድሜ ማየት የተሳነው ነው። ፍርድ ቤት ሞግዚት ላሹምለት?

ጋሼ፦ እርሱ ምን አለ?

እህት፦ አልጠየቅሁትም።

ጋሼ፦ ጠይቂዋ ልጄ! ሞግዚት ማሾም ማለት በፍርድ መከልከል ነው፤ ውሉን፣ ንብረቱን፣ ፊርማውን ሁሉ ይነካል። ለእኔ ልጅ ይሆን ይሆናል፤ ራሱን ለሚያስተዳድር ሰው ግን አይደለም። የዓይን ጉዳት ያለበት ሰው ጥበቃውን ከፈለገ ራሱ መጠየቅ ይችላል።

ወጣት ከሳሪስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎም ልጅ ቢሆን! ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 12 በሕግ ፊት እኩል ችሎታ ይላል። ሰውን አግዘው ያስወስኑታል እንጂ አይከለክሉትም።

ጋሼ፦ ስምምነቱን አንብቤዋለሁ። ነገ ባንክ ሄዶ ገንዘብ ሲያወጣ የሚያግዘውን ሰው ስም ንገረኝና እስማማለሁ።

ወጣት፦ እርሱ የእኛ ጉድለት ነው፤ የልጁ አይደለም።

ጋሼ፦ ... ይህስ እውነት ነው።

እናት ከኮልፌ፦ እኔ ልጄን ጠበል ወስጄው ብዙ ተሻለው፤ ምን ሞግዚት...

አባት ከአዳማ፦ እኔም ወስጄው ነበር፤ መድኃኒቱን አስጥለውት ተባባሰበት።

እናት ከኮልፌ፦ እምነት ይጠይቃል።

ጋሼ፦ ስለ ኑዛዜ ነው የተሰበሰብነው! ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ውሰዱ፤ እንቀጥል።

እናት ከኮልፌ፦ እሺ። ለእህቴ ልጅ «አደራሽን» ብያታለሁ፤ በሰው ፊት።

ጋሼ፦ እናቴ፣ አሁን ምን ስል ነበር? አራት ምስክር! ሰው ካላመኑ ሁሉንም በእጅዎ ይጻፉ፤ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፤ እያንዳንዱን ገጽ ቀን ጽፈው ይፈርሙበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ግን ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጡት ይፈርሳል።

አባት ከመገናኛ፦ ሌሎቹን ልጆቼን ሸክም ላደርግባቸው አልፈልግም።

ጋሼ፦ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወንድምና እህትም ቀለብ ይሰፍራሉ፤ ክልሎች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ያለበትን ይመልከቱ። ሸክም የሚያደርጋቸው አለማወቃቸው ነው። ልጄ ሻይ የሚጠጣው በብርጭቆ ብቻ ነው፤ በሲኒ ከመጣለት ቀኑን ሙሉ አይበላም። ሌሊት ሲነሳ መብራት ካበሩበት ይጮኻል፤ በር ላይ ቆሞ በቀስታ መጥራት ነው። ይህን የምናውቀው እናቱና እኔ ብቻ ነበርን። ባለፈው ጾም ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ፤ አርባ ገጽ ደረስኩ።

እናት ከጉለሌ፦ ጋሼ፣ አራቱ ምስክሮች ከእድራችን ቢሆኑስ? የእድሩ ዳኛ ይፈርማል?

ጋሼ፦ ይፈርማል። ግን በፊቱ ይነበብ።