ሚስቴ ሁለተኛ ልጅ ትፈልጋለች፣ እኔ ግን ፈራሁ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ከቡሬ ነው የምጽፍልሽ። በቆሎ ነጋዴ ነኝ። ልጃችን ዓመት ከአሥር ወሩ ነው፤ በኦፕራሲዮን ነው የተወለደው። ባለቤቴ አሁን ሌላ እንውለድ ትላለች። እናቴም ባየችን ቁጥር «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» እያለች ታግዛታለች። እኔ ንግዱ ቀዝቅዟል፣ ኪራይ ጨምሯል እያልኩ እገፋዋለሁ። እውነቱ ግን ገንዘብ አይደለም።

እስከ ክርስትናው ድረስ ቤታችን ሰው ሙሉ ነበር፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጨዋታው። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከገበያ ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኛታለሁ፤ ልጁ አጠገቧ ያለቅሳል፣ ጠዋት የቀዳሁላት አጥሚት ሳይነካ ቆዳ ይዞ ቀዝቅዟል። አንድ ማታ «ብሞት ይሻለኛል» አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ወደ ሰባተኛው ወር ላይ በራሷ እየተሻላት መጣ። ዛሬ እየሳቀች ስለ ሁለተኛ ልጅ ስታወራ እኔ የማየው ያንን ግድግዳ ነው። እስካሁንም ሌሊት እባንናለሁ። ምን ልበላት?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ያየኸውን ንገራት። አንተ ኪራይ ስትል እሷ ምን እንደምትሰማ አስበኸዋል? «ከእኔ ሌላ ልጅ አይፈልግም» እያለች ይሆናል የምታድረው።

ያ ሕመም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ይመስለኛል። አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳታል፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ከዘለቀ ግን መታየት ያለበት ሕመም ነው እንጂ ስንፍና ወይም ልጅ አለመውደድ አይደለም፣ ደግሞም ይታከማል። ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፣ ሐኪሙን ግን አትተዉ። አንዴ የያዛት ሴት በሚቀጥለው ወሊድም የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የፈራኸው በከንቱ አይደለም። ግን ነገሩ አትውለዱ ማለት አይደለም፣ ሳትዘጋጁ አትግቡበት ማለት ነው።

አንተስ? አባትም በድባቴ ይያዛል፣ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም እንጂ። ሁለት ዓመት ሊሞላ እስካሁን የምትባንን ከሆነ አንተም ለሐኪም መንገር አለብህ።

የሰውነቷን ነገር በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። በኦፕራሲዮን ለወለደች ደግሞ የማሕፀኑ ጠባሳ በደንብ መሻር አለበት። እናንተ 22ኛው ወር ላይ ናችሁ፤ ዛሬ ብትስማሙ እንኳ ሁለት ወር አላችሁ። በዚህ ጊዜ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደም ማነስ እንዳለባትና እንደሌለባት ይታይ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዟ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጀመር አለባት። ያለፈውንም ሕመም በራሷ አፍ ትናገር፣ ካርዷ ላይ ይጻፍ። እስከዚያ የሚያቆያችሁን የወሊድ መቆጣጠሪያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ እናትህ። አራስን የምንከብባት ክርስትና እስኪደርስ ነው፤ ሚስትህ የታመመችው ግን ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። እናትህ የልጅ ልጅ ከፈለጉ ድግሱ ሲያልቅ ይምጡና ከረም ብለው ይቀመጡ፣ ሌሊቱን ልጁን ይያዙላት፣ እሷ ትተኛ። ይህን ዛሬ፣ ገና ሳይጸነስ ጠይቃቸው።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚለውን ቃል ዳግም ከሰማህ ግን እንደ ያኔው ዝም አትበል። ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ውሰዳት።

ማታ ልጁ ሲተኛ ቡናውን አንተ አፍላና አጠገቧ ቁጭ በል። ስለ ኪራይ አታንሳ። ሌሊት እየተነሳህ ትንፋሿን ታዳምጥ እንደነበር ንገራት፤ አታውቅም ይሆናል። ከዚያ እሷ ታውራ፣ አንተ ስማት።