ሐይቅ ዳር ቀብድ ከፍዬ የያዝኩት ክፍል ለሌላ ተሰጠብኝ

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለሕጉ፣ አንዴ ለእናትሽ ብዬ።

ለሌሎቻችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን እናቷን ትንሽ አየር ልታስቀይር ብላ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ውኃው ዳር ካለች፣ ስድስት ክፍል ብቻ ካላት ደስ የምትል ሎጅ ሁለት ክፍል ለሁለት ሌሊት በስልክ ያዘች። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ ውኃውን እያየሽ ቡና የምትጠጪባት ዓይነት ናት። ጠቅላላ ዋጋው 8,000 ብር፣ በቴሌብር የላከችው 3,000። ባለቤቱም በቴሌግራም «ቀብዱ ደርሶኛል፣ ዓርብ እንጠብቃችኋለን» ብሎ ጻፈላት። ዓርብ ማታ ሲደርሱ ክፍሎቹን የሰርግ እንግዶች ይዘዋቸዋል። ሰውየው «የውኃ ፓምፑ ተቃጥሎብኝ ነው» አለ። በማግስቱ 3,000ውን በቴሌብር መለሰና «ጨርሰናል» ብሎ ጻፈ። እነሱ በዚያ ምሽት በባጃጅ ከተማ ገብተው 1,400 ብር ጨምረው አደሩ። ጥያቄዋ፦ በቃ ገንዘቤን መልሶ ተገላገለኝ ማለት ነው?

አልተገላገለም።

ቁልፉ ያለው ራሱ በጻፈው አንድ ቃል ላይ ነው። ቀብድ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድን ከቁጥር 1883 ጀምሮ ለብቻው ያየዋል። ቀብድ መቀበል መጀመሪያ ነገር ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ «ወረቀት አልተፈራረምንም» የሚለው ወሬ አያዋጣውም። ከዚያ ቁጥር 1885 አለ፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ከተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉ ማለት 6,000 ነው። 3,000 መልሷል፣ ሌላ 3,000 ይቀርበታል። (በነገራችን ላይ አንቺ ሳትሄጂ ብትቀሪ ኖሮ 3,000ውን አጥተሽ ነበር። ሕጉ ለሁለታችሁም እኩል ነው።)

«ጨርሰናል» ያለው እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ገንዘብ ወደ ስልክሽ ስለገባ ብቻ ቀሪ መብትሽን ተውሽ አይባልም። ግን «እሺ፣ ይሁን» ብለሽ መልሰሽለት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ደብዳቤሽ ላይ ይህን አልነገርሽኝም፣ እስቲ ቻቱን ገልጠሽ እዪው።

ሰውየው ጠበቃ ይዞ «ቀብድ ያልኩት በአነጋገር ነው፣ ገንዘቡ ግን ቅድሚያ ክፍያ ነበር» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ውስጥ ብርቅ አይደለም። ቢሳካለት እንኳ ባዶ እጅሽን አትቀሪም፤ ያኔ ጥያቄሽ ውል ባለመፈጸሙ የደረሰ ኪሣራ ይሆናል፣ ቁጥር 1790 እና 1799። 1,400ው እና የባጃጁ ሒሳብ የሚገቡት እዚህ ነው። ስለዚህ በክሱ ላይ ዋናውን ቀብድ፣ አማራጩን ኪሣራ አድርገሽ አቅርቢ። ሁለቱን ደርቤ እወስዳለሁ ማለት ግን ይከብዳል፣ እጥፉ ራሱ ሰውየው ከውሉ ለመውጣት የሚከፍለው ዋጋ ነውና።

ፓምፑስ? ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የሚባለው በቁጥር 1792 መሠረት ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ መፈጸሙንም ጨርሶ የሚከለክል ሲሆን ነው። ውኃ የሌለው ቤት ሰርገኛ አያሳድርም። አንቺው እንደጻፍሽው ሻወር ሲፈስ ሰምተሻል፣ አብራሽ የነበረችው የአክስትሽ ልጅም ሰምታለች፤ እሷ ምስክርሽ ናት።

አሁን የምታደርጊው፦ የቴሌብሩን መልእክትና የቴሌግራሙን ጽሑፍ ዛሬውኑ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። ክስ ለማቅረብ 10 ዓመት አለሽ፣ ስልክሽ ግን 10 ዓመት አይቆይም። ከዚያ 3,000ውን በአሥራ አምስት ቀን እንዲከፍል አጭር ደብዳቤ ጻፊለት። በሰፈር ሽማግሌ ብትጀምሪም አልቃወምም፤ ወሎ ውስጥ ስንቱ ነገር ቡና ላይ ያልቃል፣ ለ3,000 ብር ቀጠሮ መመላለስም አድካሚ ነው። እምቢ ካለ ውሉ የሚፈጸመው እዚያው ስለነበር የተሁለደሬ ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ፣ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

የሎጁን ስም ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው ተይው። የሆነውን መናገር አንድ ነገር ነው፣ «ሌባ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነው፤ ከሳሽ ሆነሽ ሳለ በስም ማጥፋት ተከሳሽ እንዳትሆኚ።