ያገለገለ ፒፓ ገዝቼ አንገቱ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የሜሪላንድ ነዋሪ ናቸው፤ አሮጌ ፒፓ ይሰበስባሉ። በሌላ ስቴት ከሚኖር ሰብሳቢ ደንሂል የተባለ የእንግሊዝ ሥሪት ፒፓ በ280 ዶላር ገዙ። ሻጩ «ስንጥቅ የለውም፣ ተጠግኖ አያውቅም» ብሎ በጽሑፍ ልኮላቸዋል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያጨሱበት ግን አንገቱ ሞቀና የተቀባው ሰም ለቀቀ። ከሰሙ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብቅ አለች፤ ውስጧ የደረቀ ሙጫ አለ። ሻጩ ሲጠየቅ «ያገለገለ ዕቃ ነው፣ እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» አለ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፒፓውን ያስቀምጡት። አያጽዱት፣ ለጠጋኝ አይስጡት፣ ከእንግዲህም አያጭሱበት። መስኮት አጠገብ አድርገው ስንጥቋን ከቅርብ ፎቶ ያንሱ። በአፉ ላይ ያለውን የደንሂል መለያ ነጭ ነጥብና «ኢንግላንድ» ከሚለው ቀጥሎ የተመታችውን ትንሽ የዓመት ቁጥርም አብረው ያንሱ። ነገ ሻጩ «የሸጥኩልህ ይሄ አይደለም» ቢል መልስዎ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ስቴቶች የዕቃ ሽያጭን በተመለከተ የሚመሩት በአንድ ዓይነት የንግድ ሕግ ነው። ሻጩ ነጋዴ ካልሆነ ሕጉ «ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ብቁ ነው» የሚል ዋስትና በራሱ አይጭንበትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ግን አይቁረጡ። ስለ ዕቃው የሰጠው መግለጫ ራሱ ዋስትና ነው፤ «ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ቃል ባይኖርበትም፣ ሻጩ ነጋዴ ባይሆንም። «ምርጥ ፒፓ ነው» ቢል ኖሮ አስተያየት ብቻ ነው፣ አይጠየቅበትም። «ስንጥቅ የለውም» ግን ተጨባጭ ነገር ነው። በአንድ እጁ ይህን ጽፎ በሌላ እጁ «እንዳለ ነው የሸጥኩት» ቢል ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ስንጥቁን እያወቀ በሰም ሸፍኖት ከሆነ ደግሞ ማታለል ነው፤ ማታለልን «እንዳለ» የሚለው ቃል አያድነውም።

የምፈራልዎት ዝምታውን ነው። ጉድለቱን ካወቁ በኋላ በተገቢው ጊዜ ካላሳወቁት ሕጉ መብትዎን ሁሉ ሊያስቀርብዎ ይችላል። ክስ ለማቅረብ 4 ዓመት አለዎት፤ ማሳወቂያው ግን ዛሬ ማታ በኢሜይል ይሂድ። ምን እንደጻፈ፣ ምን እንዳገኙ፣ ምን እንደሚፈልጉ ይግለጹ፤ ስድብ አይጨምሩበት። ፒፓውን መልሰው ሙሉ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላሉ። ካስቀሩት ደግሞ የሚገባዎ ጤነኛው ፒፓ በሚያወጣውና የተሰነጠቀው በሚያወጣው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በፔይፓል «ለወዳጅ ዘመድ» በሚለው መንገድ መክፈልዎ ግን አሳዝኖኛል። ሻጩ ኮሚሽን እንዳይቆረጥበት ብሎ ነው የጠየቀዎት። የዕቃ ግዢ ብለው ቢከፍሉ ኖሮ እስከ 180 ቀን አቤት ማለት ይችሉ ነበር፤ በዚህኛው መንገድ ያ ጥበቃ የለም። ለሚቀጥለው ኮሚሽኑን ራስዎ ይቻሉትና በግዢው መንገድ ይክፈሉ።

ፍርድ ቤትስ? የሜሪላንድ የትንንሽ ገንዘብ ችሎት እስከ 5,000 ዶላር ያያል፤ ያለ ጠበቃም ይገባሉ። ችግሩ ሻጩ ሌላ ስቴት መሆኑ ነው፤ አንድ ፒፓ ብቻ የሸጠን ግለሰብ ሜሪላንድ ድረስ መጥራት ብዙ ጊዜ አይሳካም። ስለዚህ እሱ በሚኖርበት መክሰስ ሊኖርብዎ ነው፤ ለ280 ዶላር ያዋጣል ወይ የሚለውን እርስዎ ይመዝኑ። ከሄዱ ለዳኛው ነገሩን ቀለል አድርገው ያስረዱ። ፒፓው የተሠራበት እንጨት ብራየር ይባላል፤ እኛ ስሜንና ባሌ ተራራ ላይ አስታ የምንለው ተክል ሥሩ አካባቢ የሚያወጣው እብጠት ነው፤ ሙቀት የሚችል ጠንካራ እንጨት ነው። የአፉ ጫፍ የሚሰካው ግን አንገቱ ውስጥ ስለሆነ በተሰካ ቁጥር ስንጥቋን ይገፋታል። ይህን ያየ ዳኛ ዋጋው ለምን እንደወደቀ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሊገዙት ስላሰቡት አሮጌ ነጭ የሜርሻም (ለስላሳ ነጭ ማዕድን) ፒፓ ነው። አፉ አምበር (ከጥንት ጀምሮ የጠነከረ የዛፍ ሙጫ) ከሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ከ2016 ጀምሮ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስን ከስቴት ስቴት መሸጥ፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ዋናው ልዩ ሁኔታ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ጥንታዊ ዕቃ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ በማስረጃ መታየት አለበት። «የአያቴ ነበር» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። አፉ ከምን እንደተሠራ ሻጩ በጽሑፍ ሳይነግርዎት ገንዘብ አይላኩ።