ስለ ሙቀት አምፖልና ስለ ፈረስ ጉሮሮ፦ ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች

በቅርቡ እዚህ ጅማ ውስጥ አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ «ዶክተር፣ ንፍጥ ለሚያወርድና ጉሮሮው ላበጠ ፈረስ የኢንፍራሬድ አምፖል ሙቀት ያድነዋል? ስንመረቅ መሣሪያውን ከጓደኞቼ ጋር በጋራ ልንገዛው አስበናል» ሲል ጠየቀኝ። ቆሜ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ለእሱም ለእኩዮቹም በጽሑፍ ላስፋፋው ወሰንሁ።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ የከተማውን መንገድ ከመሙላቱ በፊት፣ ከመርካቶ እስከ መናኸሪያ ሰውም ቡናም በጋሪ በሚመላለስበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ እኔ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ታናሹ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ ባለ ጋሪ ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። ፈረሱ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ይተነፍሳል፤ የጠጣው ውኃ በአፍንጫው ይመለስበታል፤ ከመንጋጋው ሥር ያለው ንፍፊት ደግሞ የዶሮ እንቁላል አህሎ ጠጥሯል። በሙያችን ስትራንግልስ የምንለው፣ ስትሬፕቶኮከስ ኢኩዋይ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ እንደነበረ አሁን ማንም ተማሪ ይነግራችኋል። የክሊኒኩ ኃላፊ ከጫጩት ማሳደጊያ የኢንፍራሬድ ሙቀት የሚሰጥ ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል አስመጥተው እብጠቱን በየጠዋቱና በየማታው አስሞቁት። እብጠቱ በስሎ ፈነዳ፤ መግሉ ወጣ፤ ቁስሉም በተበረዘ አዮዲን ታጠበ። ፈረሱ ድርቆሽ ማኘክ ሲጀምር ሽማግሌው ያሳዩት ደስታ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ።

ወሬው በጋሪ መቆሚያዎች ሁሉ ተዳረሰ። «ክሊኒኩ የፈረስ ጉንፋን የሚነቅል መብራት አምጥቷል» ተባለና ያሳለውም፣ ያላሳለውም፣ ለጥንቃቄ ያህል የመጣውም ፈረስ በግቢው ተሰለፈ። መብራት ሲጠፋ ፈረሶቹ በአንድ ግንድ ታስረው ይጠብቃሉ፤ ከአንድ ባልዲ ይጠጣሉ፤ አንዱ ልጓም ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ይዛወራል። በቀደመው ፈረስ መግል የራሰው ግንድ የቀጣዩ መታከኪያ ነበር። ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ በኖሩበት በጅማ ምድር የፈረስን ነገር ከእኛ በላይ የሚያውቁ አዛውንቶች «የታመመውን ከጤነኛው ለዩ እንጂ» ብለው ነበር፤ ነገር ግን አምፖሉ እየበራ ሳለ የሰማቸው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ በየመቆሚያው የሚያስል ፈረስ በዛ።

ከተሰለፉት መካከል እናቱን በጋሪ የሚያስተዳድር አንድ ጎረምሳ ነበር። የእሱ ፈረስ ከውጭ የሚታይ እብጠት አልነበረውም። መግሉ የቋጠረው ከጉሮሮው በስተኋላ በሚገኘው ጥልቅ ንፍፊት ውስጥ ስለነበር ምልክቱ ከባድ ትኩሳትና ሲተነፍስ የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ ነበር። እሱም እንደ ሌሎቹ በአምፖሉ ሥር እንዲቆም ተደረገ። ፈረስ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ አፍንጫውና ጉሮሮው ከተዘጋ ሌላ መንገድ የለውም። በዚያው ሌሊት ታፍኖ ሞተ። የመተንፈሻ ቧንቧውን ከእብጠቱ በታች ቀዶ ቱቦ ማስገባት ሊያተርፈው ይችል ነበር፤ ያንን የሚያደርግ ሰው ግን በግቢው አላደረም። ጠዋት ልጁ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ማታ መብራት ስለጠፋ ነው አይደል የሞተብኝ?» አለኝ። ወዲያው ለሌላ ሥራ ተጠርቼ ሄድሁ፤ ስመለስ ልጁ አልነበረም። ጋሪውን ሸጦ ወደ አጋሮ አቅጣጫ መሄዱን በኋላ ሰማሁ። ፈረሱ የሞተው መብራት በመጥፋቱ እንደሆነ አምኖ እንደሄደ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ኢንፍራሬድ ከ1800 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታወቀ፣ ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ነው። ረጅም ሞገድ ያለው ገና በቆዳው ላይ ተውጦ ይቀራል፤ አጭር ሞገድ ያለውም ቢሆን የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ የፈረስ ፀጉር ደግሞ ከዚያም ላይ ይቀንስበታል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ያለ እባጭ ቶሎ እንዲበስል፣ ደም ወደ ስፍራው እንዲዘዋወርና ሕመሙ እንዲላላ ይረዳል። ከመንጋጋ ጀርባ ብዙ ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ካለው ንፍፊት ግን አይደርስም፤ ባክቴሪያውንም አይገድልም። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለቅርብ እባጭ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ስለ ሞገድ ርዝመት ስትጠየቁ ቁጥሩን ከስልካችሁ ወዲያው ታወጣላችሁ፤ እጃችሁን ግን ከፈረሱ መንጋጋ ሥር ለማስገባት ትዘገያላችሁ። ይህን ስል ያ ተማሪ ስለ ጨረሩ እኔ በእሱ ዕድሜ ከማውቀው እጅግ የበለጠ ማወቁን ልደብቅ አልችልም፤ ምናልባት የምቆጣው በስልኩ እንጂ በእሱ ላይ አይደለም። የጤነኛ ጎልማሳ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በዕረፍት ላይ ሳለ የሚተነፍሰውም በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ነው። በስትራንግልስ የተያዘ ፈረስ ትኩሳቱ የሚጀምረው ባክቴሪያውን በንፍጡ መርጨት ከመጀመሩ ከአንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ በአንድ መቆሚያ ያሉትን ፈረሶች ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር የሚለካ ሰው፣ ያተኮሰውን ሌሎቹን ሳይበክል ሊለየው ይችላል። የዳነ የሚመስል ፈረስም ባክቴሪያውን ከጉሮሮው አጠገብ ባሉት የአየር ከረጢቶች ውስጥ ለወራት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ማሳሉን ስላቆመ ብቻ ወደ ጓደኞቹ አይመለስም።

ደግሞም የአፍንጫ ፈሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ከአፍንጫው አረፋ የሚደፍቅ ፈረስ ካያችሁ የምታስቡት የአፍሪካ የፈረስ በሽታን ነው፤ እሱም በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ስለሆነ ፈረሱን ከምሽት እስከ ንጋት ማስገባትና አስቀድሞ ማስከተብ እንጂ ማሞቅ አይረባውም። ያለ ትኩሳት ለወራት የሚያስለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሻገተ ድርቆሽና አቧራ የጎዳው ነው። በጅማ ዝናብ ድርቆሽ ሳይሻግት ማቆየት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ድርቆሹን አርሶ መስጠትና የጋጣውን መስኮት መክፈት ከማንኛውም አምፖል ይበልጥለታል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ አቅም ቢኖረኝ እኔም መሣሪያውን እገዛው እንደነበር መናዘዝ አለብኝ። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ስቦ ትከሻው የደረቀን ፈረስ፣ በሐምሌ ዝናብ ርሶ የሚንቀጠቀጠውንም ሲያሞቁት ማየት ደስ ይላል። እንግዲህ ከገዛችሁት፣ ትኩሳት ላለውና ሲተነፍስ ለሚያንኮራፋ ፈረስ አታብሩት፤ ከገለባ አርቃችሁ ስቀሉት፤ ርቀቱንም አስቀድማችሁ በእጃችሁ ጀርባ ለኩ፤ በየፈረሱ መካከል ግንዱን እጠቡ፤ ልጓምና ባልዲ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይሁን።