«በ41 ዓመቴ ማህፀኔ ይውጣ ተባልኩ፤ የተለመደ ነው?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የወር አበባዬ ሲመጣ ከቤት አያስወጣኝም። ደም ማነስም አለብኝ። ስመረመር ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እብጠት) ተገኘብኝና ሐኪሙ «ማህፀኑን ብናወጣው ይሻላል» አለኝ። ታላቅ እህቴ «ይሄ የትልልቅ ሴቶች ኦፕራሲዮን ነው፣ አንቺ ገና ነሽ» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ከሦስት ሴት አንዷ አስወጥታለች፣ ምን ያስጨንቅሻል» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ የቃል ጣጣ እናጥራ። «ማህፀኗ ወጣ» ሲባል አንዳንዴ በኦፕራሲዮን ተወገደ ማለት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከቦታው ተንሸራቶ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው። እና «እከሊትም ወጥቶባታል» ሲሉሽ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂ።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገ የጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 44 ከሆኑት ሴቶች ማህፀናቸውን ያስወጡት 2.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ45 እስከ 64 ባሉት 22.1 በመቶ፣ ከ65 እስከ 74 ባሉት 35 በመቶ፣ ከ75 በላይ በሆኑት ደግሞ 41.8 በመቶ ደርሷል። የጓደኛሽ «ከሦስት አንዷ» እንግዲህ የሚሠራው ለአንቺ እኩዮች ሳይሆን 65 ዓመት ላለፋቸው ነው።

ግን ይሄ ማለት ሴቶች በ70 ዓመታቸው እየተሰለፉ ያስወጣሉ ማለት አይደለም! አንዴ የወጣ ማህፀን ተመልሶ አይገባም፣ ስለዚህ በ43 ዓመቷ ያስወጣች ሴት 75 ሲሞላትም እዚያው ቁጥር ውስጥ ናት። እህትሽ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ኦፕራሲዮኑ በብዛት የሚሠራው በ40ዎቹ ውስጥ ነው። ማዮማ ኢስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን ነው የሚያድገው፤ ለዓመታት ቀስ እያለ ይከማችና 40ዎቹ ላይ ደሙም ሕመሙም ይብሳል፣ ሴትየዋ ስታርጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል። ማረጥ በአማካይ 51 ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሴት ጥቂት ዓመት ብትታገስ ችግሩ ራሱ ይቀላል፣ ለአንቺ ግን አሥር ዓመት ሊቀርሽ ስለሚችል በዚህ ደም መፍሰስ ታገሺ አልልሽም።

በ20ዎቹና በ30ዎቹ ሲሆን ታሪኩ ሌላ ነው። አንዳንዴ ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ሲል ነፍስ ለማዳን በድንገት ይሠራል። ካረጡ በኋላ ደግሞ የማህፀን መንሸራተትና ካንሰር ናቸው ምክንያቶቹ።

አገርም ለውጥ ያመጣል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 እና 16 በተደረገው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 3.2 በመቶ አስወጥተው ነበር፣ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ግን ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው በሽታው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሳያስፈልግ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ጉዳይ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን የሚከላከል መመሪያ እንዲተገበር ታዟል። «ብዙ ሰው ያደርገዋል» የሚለው ወሬ እኔን የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

ደግሞ የዛሬዎቹ የ75 ዓመት ሴቶች 40 ዓመት በነበሩበት ጊዜ ብዙ ምርጫ አልነበራቸውም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውና ደሙን የሚቀንሰው ሆርሞን ያለው ሉፕ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ፊንላንድ ውስጥ ነው። ወደ ማዮማው ደም የሚወስደውን ቧንቧ የመዝጋት ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣ ነው። ማዮማውን ብቻ ነቅሎ ማህፀኑን መተውም ይቻላል። ሐኪምሽን ከነዚህ የትኛው ለኔ ይሆናል፣ ካልሆነስ ለምን ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። እንደ ማዮማው መጠንና ቦታ መልሱ ይለያያል፤ ሉፕ ለምሳሌ ማህፀኑ ውስጡ ከተጣመመ አይያዝም። ሁሉንም ሰምተሽ «ይውጣልኝ፣ ልገላገል» ብትዪም መብትሽ ነው፣ ካስወጡ በኋላ «ምነው ቀደም ብዬ ባደረግኩት» የሚሉ ሴቶች ጥቂት አይደሉም።

ይውጣ ካልሽ እንቁላል የሚያመርቱት ክፍሎች አብረው ይወጡ እንደሆነ ሳታጣሪ እንዳትፈርሚ። እነሱ ከወጡ በዚያው ቀን አረጥሽ ማለት ነው፣ ድንገተኛ ሙቀቱም ላቡም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። የማህፀን በር ከተተወልሽ ደግሞ የካንሰር ቅድመ ምርመራው ይቀጥላል።

ለደም ማነስሽ ምን እንደታዘዘልሽ አልጻፍሽልኝም። ኦፕራሲዮኑን ለመወሰን ወራት ብትወስጂ ችግር የለውም፣ የደም ማነሱ ሕክምና ግን ውሳኔሽን መጠበቅ የለበትም፤ በዚህ ሳምንት ጠይቂ።