«እስቲ አንድ ነገር በል» ለተባላችሁ፦ ስለ ንግግር ቢጋር ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ በምንሰበሰብባት የንግግር ክበብ «ስለ ቢጋር ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከደብተር እየተቀደደ የመጣው ወረቀት ጠረጴዛውን ሞላው። ሰዓቱ አለቀ፣ ጥያቄው አላለቀም። የቀረውን እዚህ ልመልስ። ቢጋር ስል ያችው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርናት ነች፤ ሐሳባችን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ የምታሳይ አጭር ንድፍ።

ጥያቄ፦ አለቃችን ጡረታ ሊወጡ ነው። ሽኝቱ ላይ 5 ደቂቃ ተናገሪ ተብያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመጨረሻው። እሳቸው ማታ ቤታቸው ገብተው ከንግግርሽ የትኛዋን ነገር እንዲያስታውሱ ትፈልጊያለሽ? እሷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚያ ወደ እሷ የሚወስድ አንድ ወይ ሁለት ገጠመኝ ፈልጊ። በቃ፣ ቢጋርሽ ይሄው ነው። ከተወለዱበት ዘመን ጀምረሽ የሥራ ልምዳቸውን አትደርድሪ። የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ቀብር ላይ ነው፤ ሰውየው እኮ በሕይወት አሉ! አንዴ እንዲህ ባለ ሽኝት ላይ አንዲት ልጅ፣ አለቃዋ ጠዋት ጠዋት የጥበቃውን እጅ ሳይጨብጡ ገብተው እንደማያውቁ ብቻ ተናገረች። ጥበቃው በሩ ጋ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቆቡን አወለቀ። ከእሷ በኋላ የተነሱት ሰዎች ምን እንዳሉ አንዱንም አላስታውስም።

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ወርኃዊ መዋጮ ከ100 ወደ 150 ብር ከፍ እንዲል ባለፈው ስብሰባ ተናግሬ ጮኹብኝ። ድንኳናችን ያፈሳል። ምን ላሻሽል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወረቀትዎ ላይ እንዳነበብኩት «መዋጮ ይጨመር» ብለው ነው የጀመሩት። ከዚያች ቃል በኋላ ማንም አልሰማዎትም። ሁሉም ኪሱን ሲያሰላ ነበር። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ ክረምት ላይ ያ ለቅሶ ቤት ዝናቡ በድንኳኑ ሲገባ ሰው ወንበሩን እየጎተተ ወደ መሀል የተጠጋባትን ማታ ያንሱ። ሁሉም አይቷታል፤ ማንም አይከራከርዎትም። ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ብቻ፦ አዲስ ድንኳን ስንት ይፈጃል፣ ካዝናችን ውስጥ ስንት አለ። ከዚያ ልዩነቱን በአባል ቁጥር ያካፍሉና 50 ብሩ በስንት ወር እንደሚሞላው ያሳዩ። «ጡረተኛስ ከየት ያመጣል?» የሚል እንደሚነሳ እርግጠኛ ነኝ። ሳይነሳ ራሱ ንግግርዎ ውስጥ መልሱን ያስገቡ። መጨረሻ ላይ «እጅ እናውጣ» ይበሉና ይቀመጡ። ይህ ሁሉ በእድሩ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ጄኔቭ ላይ ግን የመጡበትን ጉዳይ መጀመሪያ አይደል የተናገሩት? ታዲያ ለምን ገልብጡ ትላለህ?

መልስ፦ ይህን የጠየቀውን ልጅ ወድጄዋለሁ። እውነት ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ ገና ሲከፍቱት፣ ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ከስምንት ወር በፊት ቃል የተገባውን እርዳታ ሊጠይቁ እንደመጡ ነው የተናገሩት። ነገር ግን ልብ በሉ። 50 መንግሥታት የጣሊያን ወረራ መፈጸሙን አስቀድመው አምነው ነበር። የቀረው «ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?» ብቻ ነው። የጋሼ እድርተኞች ግን ድንኳኑ መቀየር እንዳለበት ገና አላመኑም። ሰሚህ ችግሩን ካመነ ጥያቄህን አስቀድም። ካላመነ ችግሩን አስቀድም። ቢጋር የሚሠራው ለሰሚው እንጂ ለተናጋሪው አይደለም።

ጥያቄ፦ ስንት ነጥብ ይበቃል?

መልስ፦ ለ7 ደቂቃ ቢበዛ ሦስት ነው። አንባቢ ከጠፋበት ገጹን ይመልሳል፤ አድማጭ ምን ይመልሳል? የእኔ መፈተኛ ታክሲ ነው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እስክትደርሱ ቢጋራችሁን ወረቀት ሳታወጡ ለጓደኛችሁ ንገሩት። የረሳችኋት ነጥብ ካለች ሰሚውም ይረሳታልና አውጧት።

ጥያቄ፦ ጊዜ ሁሌ ያልቅብኛል።

መልስ፦ «ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ…» ስንል ነዋ የሚያልቀው! የመድረክ መሪው እንግዶቹን ከጠራቸው አንተ አትድገማቸው። ግዴታ ከሆነም ቢጋርህ ላይ ከነደቂቃው ጻፈው። ቶስትማስተርስ የሚባሉት የንግግር መለማመጃ ክበቦች ልማድ ጥሩ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ለሚፈጅ ንግግር 5 ላይ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ቢጫ፣ 7 ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ቤት ስትለማመድ መብራት ባይኖርህ ስልክህ ሰዓት አለው። ጮክ ብለህ ተለማመድ ታዲያ። በሆድ የተነበበ ንግግር ሁሌም አጭር ይመስላል።

ጥያቄ፦ ጽፌ ላንብብ ወይስ በቢጋር ብቻ?

መልስ፦ ሕግ፣ ቁጥርና የሰው ስም ካለው ጻፈው። ሌላውን በቢጋር ተናገር። ብዙ ሰው ማርቲን ሉተር ኪንግን እየጠራ «እሱስ ያለ ወረቀት አልነበር የተናገረው?» ይለኛል። ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ኪንግ የተጻፈ ንግግር ይዞ ነው የወጣው። ዘፋኟ ማሄሊያ ጃክሰን «ስለ ሕልሙ ንገራቸው» ብላ ስትጮህ ከወረቀቱ ወጥቶ «ሕልም አለኝ» አለ። ሕልሙን ግን ያኔ አልፈጠረውም። ከዚያ ቀደም ብሎ ዲትሮይት ላይ ተናግሮታል። ከወረቀት መውጣት የሚያምርበት መንገዱን የለመደ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በግጥም ብጨርስስ?

መልስ፦ ግጥሙ ጥሩ ከሆነ።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ይጠፋብኛል። አንዴ ከጀመርኩ መውረጃ አላገኝም።

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፈህ ያዛት፤ ቢጋሩ ላይ ሙሉ የምትጻፈው እሷ ብቻ ትሁን። የጄኔቩ ንግግር ያለቀው ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ በሚል ጥያቄ ነው። ከመክፈቻው ጋር ግጥም ይላል፤ ሊጠይቁ መጡ፣ ጠይቀው ወረዱ። አንተም መጀመሪያ ያነሳሃትን ነገር መልሰህ አንሳና ጨርስ። «በመጨረሻም» የምትለዋን ደግሞ አንዴ ብቻ በል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ወንድማችን አራት ጊዜ ሲላት ቆጥረናል። አራተኛዋ ላይ ራሱም ሳቀ።