ተርባይኑ በመጨረሻ ይገዛል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጅረት መብራት ማመንጨት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። አለታ ወንዶ አካባቢ ባለው የቤተሰብ መሬት ላይ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ጅረት አለን። እዚህ ከተማ አንድ ነጋዴ «5 ኪሎዋት» የሚል የተጻፈበት ተርባይን ከነጄኔሬተሩ አሳይቶኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ማሽኑ 5 ኪሎዋት የሚሰጠው የተሠራበትን የውሃ መጠንና ከፍታ ሲያገኝ ብቻ ነው። ጅረትዎ ግማሹን ካቀረበለት ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ነጋዴውን «በስንት ሜትር ከፍታ፣ በሰከንድ በስንት ሊትር?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ዕቃው ለእርስዎ ቦታ መሆን አለመሆኑን እሱም አያውቅም።

መጀመሪያ የሚለካው ውሃው ነው። የሚለካውም ጅረቱ በጣም በሚሳሳበት በጥርና በየካቲት እንጂ በነሐሴ አይደለም። ውሃውን በአፈርና በድንጋይ ገድበው በአንድ ሰፊ ቱቦ ወደ በርሜል ይልቀቁት። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ7 ሰከንድ ገደማ ከሞላ ጅረትዎ በሰከንድ 30 ሊትር ግድም አለው ማለት ነው። ሁሉንም አይውሰዱ። ከታች ከብት የሚያጠጣና አትክልት የሚያለማ ሰው አለና ሲሶውን ይተዉለት፤ ስሌቱን በ20 ሊትር ይሥሩ።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ውሃው ከሚጠለፍበት እስከ ማሽኑ ቤት ደረጃ በደረጃ እየለኩ ይደምሩ። ረጅም የአትክልት ማጠጫ ጎማ ካለ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ዘርግተው ውሃ ይሙሉትና ከታች የግፊት መለኪያ ይግጠሙበት፤ 1 ባር ማለት 10.2 ሜትር ነው። 22 ሜትር አገኙ እንበል። ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ሥራ ሊትሩን በሜትሩ አባዝተው በ5 ማባዛት ከእውነቱ ብዙ አያርቅም፤ 20 × 22 × 5 = 2,200 ዋት። ንድፈ ሐሳቡ ማባዣው 9.81 ነው ይላል፤ ቀሪው በቱቦ፣ በተርባይን፣ በቺንጊያና በጄኔሬተር ይባክናል። እንግዲህ ያዩት ባለ 5 ኪሎዋት ማሽን ለእርስዎ ጅረት አይሆንም።

አሁን ወደ ቱቦው። ሰው ገንዘቡን ማሽኑ ላይ ጨርሶ ቱቦው ላይ ይቆጥባል፤ በጣም የሚያስቆጨን ይሄ ነው። ቱቦው 80 ሜትር ይርዘም እንበል። 20 ሊትር በሰከንድ በ110 ሚሊ ፒቪሲ ቢያልፍ ከ22 ሜትሩ ወደ 4.5 ሜትር የሚሆነው በፍትጊያ ብቻ ያልቃል፤ ይህ ከጉልበትዎ አንድ አምስተኛ ነው። በ160 ሚሊ ቱቦ ግን የሚጠፋው ከ1 ሜትር ያነሰ ነው። የዋጋ ልዩነቱ አንዴ ይከፈላል፤ ኪሳራው ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ ቀንም ሌሊትም አለ።

የቱቦው ጥንካሬም ይታሰብ። 22 ሜትር ከፍታ ግፊቱ 2.2 ባር ስለሆነ ባለ 6 ባር ቱቦ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በ160 ሚሊው ቱቦ ውስጥ የሚሮጠው ውሃ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ድንገት ቢዘጋ ተጨማሪ 40 ሜትር የሚያህል ግፊት ይፈጠራል፤ ድምሩ ከ6 ባር ያልፋል። ስለዚህ ታችኛውን ግማሽ ባለ 10 ባር ያድርጉት። መዝጊያውም ብዙ ጊዜ እየተዞረ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ጌት ቫልቭ ይሁን፤ እጀታው በአንድ ሩብ ዙር ጥርቅም የሚለውን አይግጠሙ። ፒቪሲ ፀሐይ ያደርቀዋልና ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይቀበር፤ ማሳ የሚያቋርጥ ከሆነ ደግሞ ማረሻና መቆፈሪያ እንዳያገኘው ጠለቅ ይበል። ከላይ፣ ከቱቦው አፍ ጎን፣ ቀጭን የአየር መተንፈሻ ቱቦ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ያለ እሱ ወንፊቱ በቅጠል ሲደፈን ቱቦው ውስጡን ራሱ መጥጦ ሊጨፈለቅ ይችላል።

የውሃ ማጠራቀሚያው ገንዳ አሸዋ የሚዘቅጥበትና በታች በኩል የሚጠረግበት ክፍል ይኑረው። የቱቦው አፍ ከውሃው ገጽ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ አለዚያ አዙሪት ሠርቶ አየር ይስባል፤ ተርባይኑም እየተንተፋተፈ ይሠራል። የወንፊቱ ዘንጎች ክፍተት ከ10 ሚሊ አይብለጥ፤ በሬክ ለመጥረግ እንዲመች ደግሞ ወደ ኋላ ጋደም ይበል። በአካባቢያችሁ የባሕር ዛፍና የእንሰት ቅጠል መውረዱ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ከላይ የቡና ማጠቢያ ካለ ገለባው ወንፊቱን ይደፍነዋልና በእነዚያ ወራት በየቀኑ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ተርባይን የሚመረጠው። ለ22 ሜትርና ለ20 ሊትር የሚስማማው ክሮስፍሎው፣ ማለትም ውሃው በከበሮ መሰል ጎማ ክንፎች መካከል የሚያልፍበት ተርባይን ነው፤ ጥሩ በያጅና ቶርኖ ያለው ጋራዥ ሊሠራው ይችላል፣ ቅጠልም በቀላሉ አያንቀውም። ውሃው በቀጭኑ ተረጭቶ ጽዋ መሰል ክንፎችን የሚመታበት ፔልተን ከዚህ እጅግ ለበለጠ ከፍታና ለአነስተኛ ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ወንዶ ገነት የሞተር ጥገና እሠራለሁ። የመስኖ ፓምፕ ወደ ኋላ ሲሽከረከር ተርባይን ይሆናል፣ ሞተሩም ጄኔሬተር ይሆናል ይባላል። እውነት ነው? ምን ዓይነት ልፈልግ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለእርስዎ ዓይነት ባለሙያም የሚመረጥ መንገድ ነው፤ መለዋወጫው በየሱቁ አለ። ጉድለቱ ፓምፕ ውሃ ሲቀንስ የሚከፍትና የሚዘጋ በር የለውም፤ ፍሰቱ ከታሰበለት በትንሹ ካነሰ ጉልበቱ ክፉኛ ይወርዳል። ስለዚህ ለበጋው ውሃ ነው የሚመረጠው።

የፓምፑን ሰሌዳ ቁጥር እንዳለ አይውሰዱ። ተርባይን ሲሆን ከሰሌዳው የበለጠ ውሃና ከፍታ ይፈልጋል። 70 በመቶ ብቃት ላለው ፓምፕ ፍሰቱ በ1.3፣ ከፍታው በ1.5 ያህል ያድጋል። ከላይ ላለው ጅረት እንግዲህ በደቂቃ በ1,450 ዙር 15 ሊትር በሰከንድ ወደ 14 ሜትር የሚገፋ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ይፈልጉ። ኢምፔለሩ (ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ጎማ) በጥርስ የሚጠብቅ ከሆነ ወደ ኋላ ሲዞር ይፈታልና በቁልፍ የተያዘ ይሁን፤ ዳዶውንም ይቆልፉት።

ሞተሩ ባለ 4 ፖል፣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ሰሌዳው ላይ 220/380 የሚል ይሁን፤ 380/660 የሚለው አይሆንም። በዴልታ (ሦስቱ ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን ተያይዘው) ያስሩትና ነጠላ ፌዝ 220 ለማውጣት በአንደኛው ጥቅል ላይ አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ላይ ሁለት እጥፍ ካፓሲተር ይግጠሙ፤ ሦስተኛው ባዶ ይሆናል። ጭነቱ የሚወሰደው አንድ እጅ ካለበት ነው። ለ3 ኪሎዋት ሞተር ከ55ና ከ110 ማይክሮፋራድ ይጀምሩ፤ ከዚያ ቮልቱን በቴስተር እያዩ ያስተካክሉ። ካፓሲተሮቹ ሁልጊዜ የሚሠሩት 450 ቮልት ኤሲ ዓይነት ይሁኑ፤ የማስነሻ ካፓሲተር በደቂቃዎች ውስጥ ይፈነዳል። በዚህ አሠራር ከ3 ኪሎዋቱ 2.4 ብቻ ይውሰዱ። ሞተሩ ቢንቀጠቀጥና ቶሎ ቢግል ሁለት እጥፉ የገባው ለዙሩ አቅጣጫ በማይስማማው ጥቅል ላይ ነው፤ አንድ እጁንና ጭነቱን ሳይነኩ ሁለት እጥፉን ባዶ ወደ ነበረው ሦስተኛ ጥቅል ያዛውሩት። ዞሮ ቮልት ካልሰጠ ማግኔቱ ጠፍቶበታል፤ አቁመው፣ ካፓሲተሮቹን ነቅለው፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በአንዱ ጥቅል ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይንኩበት።

ማሽኑ ከቤቱ የሚርቅ ከሆነ ሽቦውም እንደ ቱቦው ያለ ሒሳብ አለው። 2.2 ኪሎዋት 10 አምፔር ነው። በ300 ሜትር ርቀት ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ወደ 28 ቮልት ይበላል፤ ባለ 16 ካሬ አሉሚኒየም ግን 12 ያህል።

ጥያቄ፦ ታቦር ክፍለ ከተማ ነኝ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ ተርባይን ማስቀመጥ አይቻልም? ውሃው ብዙ ነው።

መልስ፦ ውሃው አለ፤ ከፍታው የለም። ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባው በሜዳ ላይ ነው። በ1 ሜትር ከፍታ 2 ኪሎዋት ተኩል ለማግኘት በሰከንድ 500 ሊትር ማሳለፍ ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚበቃው ግድብና ማሽን ከሚሰጠው መብራት ጋር አይመጣጠንም። ጉልበት ያለው ከምሥራቁ ተረተር በሚወርዱት ጅረቶች ላይ ነው። መብራቱን ለጎረቤት በክፍያ ለማከፋፈል የሚያስብ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋልና ከወረዳው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ይጀምር።

ጥያቄ፦ ቤንሳ ያለው የአጎቴ ተርባይን የቡና መፈልፈያው ሲጠፋ አምፖሎቹን ያደምቃል፤ ሁለት ቴሌቪዥን ተቃጥሏል። ስታቢላይዘር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጭነቱ ድንገት ሲቀነስ የውሃው ጉልበት ያው ስለሆነ ተርባይኑ ይፈጥናል፤ ክሮስፍሎው ያለ ጭነት ከተለመደው ዙሩ ወደ 1.8 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቮልቱም ዙሩም አብረው ይወጣሉ፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል። የጎደለው የጭነት መቆጣጠሪያ ነው። ቤቱ ያልተጠቀመበትን ጉልበት በዚያው ቅጽበት ወደ ማቃጠያ ጭነት ይልከዋል፤ ጄኔሬተሩ ዘወትር እኩል ይሸከማል። መቆጣጠሪያው ከጄኔሬተሩ ዓይነት ጋር ይስማማ፤ ከላይ ላለው ዓይነት ሞተር የሚሠራው ቮልት የሚያየው ነው።

ማቃጠያው ከማሽኑ ጉልበት በ20 በመቶ ይብለጥ፤ ለ2.2 ኪሎዋት ሦስት ባለ 1 ኪሎዋት የውሃ ማሞቂያ ሬዚስታንሶች ይሆናሉ። ሁልጊዜ ውሃ በሚገባበትና በሚወጣበት በርሜል ውስጥ ይቀመጡ። ቴርሞስታታቸውን ማውጣት ግድ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ከቆረጠ ማሽኑ ያለ ጭነት ቀረ ማለት ነው። በመካከሉም ማብሪያ ማጥፊያ አይኑር። በተጨማሪ ከ250 ቮልት ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ ያስገቡ። ከተገጠመ በኋላ ቴሌቪዥኑን ነቅለው፣ መፈልፈያውንና አምፖሎቹን ባንድ ጊዜ አጥፍተው ቴስተሩን ይመልከቱ፤ ከ240 በላይ ካልወጣ ቴሌቪዥኑን መመለስ ይቻላል።